ካንሰር የታመሙ ልጆችን የምትደግፉ ተስፋ አዲሶች፣ እግዜር ይስጥልን

የመጣነው ከፓዊ ነው። የአምስት ዓመቱ ልጄ መንጋጋው አበጠ፣ ጥርሶቹም ይነቃነቁ ጀመር። መጀመሪያ የወሰድኩት ክሊኒክ የጥርስ ኢንፌክሽን ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ሰጠን፤ ጠዋት ያየሁት ፊት ግን ማታ ብሶ ይጠብቀኝ ነበር።

ጥቁር አንበሳ ናሙና ተወስዶ በርኪት ሊምፎማ ተባለ። ቢ ሴል ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። ዴኒስ በርኪት የሚባል ሀኪም ዩጋንዳ ውስጥ እንዲህ መንጋጋቸው ያበጠ ልጆችን አይቶ በ1958 እ.ኤ.አ. የጻፈለት በሽታ ነው፤ ወባ ባለበት ቆላ ይበዛል። ፍጥነቱ ያስደነግጣል፣ ሴሎቹ በአንድ ሁለት ቀን እጥፍ ይሆናሉ። ደግነቱ ለኬሞም፣ ለካንሰር መድኃኒቱ ማለት ነው፣ ቶሎ እጅ ይሰጣል።

የህፃናት ካንሰር ክፍል ነርሶችን ሳላመሰግን አላልፍም። ዕጢው ሲፈራርስ ወደ ደም የሚለቀው ነገር ኩላሊት ስለሚጎዳ ግሉኮሱ ሌት ተቀን ይንጠባጠባል፣ ሽንቱም እየተለካ ይጻፋል። አንዷ ሲስተር እኩለ ሌሊት መለኪያውን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አይታ "ጎበዝ የኔ ጌታ!" ስትለው ልጄ በዚያ ህመሙ ይስቅ ነበር።

ኬሞ ግን በዙር ነው። አንዱ ዙር ሲያልቅ አልጋ ትለቃላችሁ፣ ፓዊ ደርሶ መመለሱ የማይታሰብ ነው፣ አዲስ አበባ ዘመድ የለንም፣ ያለችንን ብር የአልጋ ኪራይ በላው። ብዙ ቤተሰብ ህክምና የሚያቋርጠው እዚህ ላይ ነው። እብጠቱ ሲጠፋ ደግሞ ድኗል ተብሎ ይታሰባል፣ አልዳነም!

እኛን የያዘን ተስፋ አዲስ ነው። ካንሰር የታመሙ ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ድርጅት ነው፤ መኝታ፣ ምግብ፣ የትራንስፖርት ድጋፍ ሰጡን። ልጄ በመድኃኒቱ አፉ ቆስሎ እንጀራ እምቢ ሲል አጥሚት የምታፈላለት እዚያው ያረፈች፣ ልጇ ሉኪሚያ (የደም ካንሰር) የታመመባት እናት ነበረች። ውለታዋን በምን እከፍላለሁ?

ልጄ ህክምናውን ጨርሶ አሁን ክትትል ላይ ነው፣ ተመስገን።

ክፍለ ሀገር ያላችሁ ወላጆች፣ የልጅ መንጋጋ ወይም ሆድ በቀናት ውስጥ እያበጠ ከሄደ ጥርስ በማስነቀል ጊዜ አትፍጁ፣ ሪፈር አጽፋችሁ ኑ። ማደሪያ የለኝም ብላችሁ እንዳትቀሩ። ክፍሉ ስትደርሱ ለነርሶቹ ንገሯቸው፣ እኔንም ከተስፋ አዲስ ያገናኙኝ እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ጤፍም፣ ዘይትም፣ ዳይፐርም ይዛችሁ ጎብኟቸው፤ ደም መስጠት የምትችሉም ስጡ፣ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ደም ቶሎ ቶሎ ያስፈልገዋል።