ጅማ ላይ ፍሪጅ ሲቀየር፦ ተራው፣ ኖ ፍሮስቱ ወይስ ኢንቨርተሩ?

ፍሪጅ ለመግዛት የተነሳ ሰው ከሊትሩና ከብራንዱ በፊት የቤቱን መብራት ማወቅ አለበት። ጅማ ላይ አንድ ቆጣሪ ለበርካታ ተከራይ የሚከፋፈልበት ግቢ ብዙ ነው፤ አንዱ ቤት ምጣድ ሲሰካ የሌላው አምፖል ይደበዝዛል። ፍሪጁም የሚደርስበት ይኸው ነው። ስለዚህ ምጣድ በተሰካበት ሰዓት ሶኬቱን በቴስተር ያስለኩ። 220 ቮልት አካባቢ ከቆመ የፈለጉትን ይምረጡ። ከ190 በታች የሚወርድ ከሆነ ግን ተራ ሞተር ለመነሳት ይታገላል፤ ያጉረመርማል፣ ጠቅ ብሎ ይጠፋል፣ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ይሞክራል። በዚህ ዓይነት የከረመ ሞተር መቃጠሉ አይቀርም።

አሮጌው በእርግጥ አልቆለት እንደሆነም ይጣራ። ሞተሩ ጭራሽ የማይነሳ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ የተበላሸበት ቴርሞስታቱ (ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ማብሪያ ማጥፊያ) ወይም ከሞተሩ ጎን የተሰካችው ማስነሻ ሪሌይ ናት። ሪሌይዋ ተነቅላ ስትነቀነቅ ከውስጥ ከተንኳኳች ተሰብራለች፤ በትንሽ ገንዘብ ትቀየራለች። ሞተሩን ለመፈተሽ ፍሪጁ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ሪሌይዋ ወጥታ፣ ሦስቱ ፒኖች ጥንድ ጥንድ እየሆኑ በቴስተር በኦም ይለካሉ። የሁለቱ ትናንሽ ልኬቶች ድምር ከትልቁ ልኬት ጋር እኩል መሆን አለበት። ከየትኛውም ፒን ወደ ሞተሩ ብረት ንባብ ከተገኘ ግን ሞተሩ አልቋል።

በየጥቂት ወሩ ጋዝ የሚሞላ ፍሪጅም መቀየር አለበት። ከቱቦው ከፊሉ በግድግዳው ፎም ውስጥ የተቀበረ ስለሆነ እዚያ ዝጎ ካፈሰሰ በጋዝ ላይ ጋዝ መጨመር ገንዘብ ማፍሰስ ነው። የሚያፈሰው ቦታ ተገኝቶ ሲበየድ፣ ድራየሩ (እርጥበት የሚይዘው ማጣሪያ) ሲቀየርና ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቫኪዩም ሲደረግ፣ ማለትም በቱቦው ያለው አየርና እርጥበት ተመጥጦ ሲወጣ ብቻ ነው ሙሌቱ የሚያዛልቀው። ቫኪዩሙ ከተዘለለ በውስጡ የቀረው እርጥበት ቀጭኑ ቱቦ ጫፍ ላይ በረዶ ይሆናል፤ ፍሪጁ ጥቂት ሰዓት አቀዝቅዞ ያቆማል፣ በረዶው ሲሟሟ መልሶ ይሠራል።

ወደ ምርጫው ስንመጣ ትልቁ ልዩነት በተራውና በኖ ፍሮስቱ መካከል ያለው ነው። ተራው የሚያቀዘቅዘው የፍሪዘሩ ግድግዳ ራሱ ቀዝቅዞ ነው፤ ማራገቢያም ማሞቂያም የለውም፣ የሚበላሽ ነገሩም ጥቂት ነው። ኖ ፍሮስቱ አየሩን በማራገቢያ ያሰራጫል፤ የሚጠራቀመውን በረዶ ደግሞ በየተወሰነ ሰዓት ማሞቂያ ያቀልጠዋል። ይህን የሚያዝ ታይመር ወይም ቦርድ፣ ሴንሰርና የሙቀት ፊውዝ አለው። ከእነዚህ አንዱ ሲሞት ከፍሪዘሩ ጀርባ ያለው ቱቦ በበረዶ ይደፈንና ፍሪዘሩ እየበረደ ታችኛው ክፍል ይሞቃል። ይህን ምልክት አይቶ «ጋዙ አልቋል» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት፣ መጀመሪያ የጀርባ ሽፋኑን ፈትቶ በረዶውን እንዲያሳይዎት ይጠይቁ። በከንቱ ጋዝ የሚሞላው በብዛት እዚህ ላይ ነው።

የጅማ ክረምት እርጥበት ተራውን ይፈትነዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚገባው እርጥብ አየር ቶሎ በረዶ ይሠራል። የበረዶው ውፍረት ግማሽ ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ነቅሎ ማቅለጥ ያስፈልጋል። ፍሪዘሩ ውስጥ ሙቅ ውኃ በድስት አስቀምጦ መጠበቅ በቂ ነው። በቢላ መፈንቀል ግን ፈጽሞ አይሞከርም፤ ስሱ አሉሚኒየም አንዴ ከተበሳ ጋዙ በቅጽበት ይወጣል። ደህና የነበረ ተራ ፍሪጅ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በቢላ ነው።

እንጀራ ፍሪጅ ውስጥ ለሚያስቀምጥ ቤት ኖ ፍሮስቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የማራገቢያው አየር ደረቅ ስለሆነ ያልተሸፈነ እንጀራ ጠርዙ ይሰነጣጠቃል፤ በፌስታል በደንብ መጠቅለል ግድ ነው።

ለአረፋ ወይም ለፋሲካ ሥጋ የሚገዛ ከሆነ ሊትሩ ብቻውን አያታልልዎት። ተለጣፊው ላይ በ24 ሰዓት ስንት ኪሎ ትኩስ ሥጋ በረዶ ማድረግ እንደሚችል ተጽፏል፤ የቤት ፍሪጅ ላይ ይህ ቁጥር በአብዛኛው ጥቂት ኪሎ ነው። 20 ኪሎ በአንዴ ቢጨመር ዳር ዳሩ ይደርቅና መሐሉ ሳይበርድ ይሸታል። ፍሪዘሩ ላይ ያለውን የኮከብ ምልክትም ይዩ፤ ባለ አራት ኮከቡ ትኩስ ሥጋ በረዶ ለማድረግ የተሠራ ነው፤ ባለ አንድ ኮከቡ የሚወርደው እስከ -6 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ለሥጋ አይሆንም። ሥጋ ለሚበዛበት ቤት ትንሽ ተራ ፍሪጅና ከላይ የሚከፈት ፍሪዘር ለየብቻ መግዛት ከአንድ ትልቅ ኖ ፍሮስት የተሻለ ነው እንላለን። ሞልቶ ያልተከፈተ ፍሪዘር መብራት ቢጠፋም እስከ 48 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ የፍሪጁ ክፍል ግን 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው።

ኢንቨርተር፣ ማለትም የሞተሩን ፍጥነት በኤሌክትሮኒክ ቦርድ እያስተካከለ የሚሠራው ፍሪጅ፣ በዝግታ ስለሚነሳ ምጣድ ከበዛበት ግቢ ጋር ይስማማል፣ ቆጣሪም ይቆጥባል። ቁጠባውን ከሻጩ አፍ ሳይሆን ከተለጣፊው ያስሉ፦ በ24 ሰዓት 0.6 ኪሎዋት ሰዓት የሚል ከሆነ በወር 18 ነው። ድካሙ ቦርዱ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ በድንገት በሚያሻቅበው ቮልቴጅ ቦርዱ ከተቃጠለ ተተኪው ጅማ ላይ ላይገኝ ይችላል። የቦርዱ መለዋወጫ መኖሩን የማያረጋግጥልዎት ሻጭ ጋር ኢንቨርተር አይግዙ።

ስታቢላይዘር (ቮልቴጁን የሚያረጋጋ መሣሪያ) ለሁሉም ያስፈልጋል። ለተራ ሞተር 1000 ቪኤ ይበቃል፤ ዋናው ነገር መብራት ሲመለስ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ መሆኑ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ቢነሳ በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ገና ስላልተመጣጠነ መዞር ያቅተዋል። ዲቫይደር ላይ ከቴሌቪዥን ጋር ደርቦ መሰካት ይቅር።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ለሻጩ አስቀድሞ «ነቅለህ አቆየው» ይበል። ሲደርሱ ሞተሩን በእጅ ይንኩ፤ ከሞቀ አስቀድሞ ሲሠራ ቆይቷል ማለት ነው። ከተሰካ ከአንድ ሰዓት በኋላ ውርጩ በፍሪዘሩ ግድግዳ ላይ እኩል መዳረስ አለበት፤ አንድ ጥግ ብቻ ከነጣ ጋዙ ጎድሏል። በሩ ላይ የብር ኖት አስገብተው ዘግተው ይሳቡ፤ ዝም ብሎ ከወጣ ጎማው ላልቷል። በመጨረሻም የሞተሩን ተለጣፊ ያንብቡ። አር-600ኤ በሚባለው ጋዝ እንደሚሠራ የተጻፈበት ሞተር አር-134ኤ የተባለው ሌላ ጋዝ ተሞልቶበት ከሆነ ይተዉት፤ ግፊቱም ዘይቱም ስለማይገጥም ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ይቃጠላል። አር-600ኤ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሆነ የሚጠግነው ሰው ጋዙን ሳያስወጣ እሳት እንዳያቀርብ ያሳስቡ።

አዲስ አበባ በዋጋ ሊሻል ይችላል፤ 350 ኪሎ ሜትር ያህል በአይሱዙ ተጭኖ መምጣቱና ዋስትናው ሲፈለግ መልሶ መጫኑ ግን አብሮ ይታሰብ። እዚሁ ጅማ፣ መርካቶም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር የሚገኝ ሱቅ በጽሑፍ ዋስትና ከሰጠ መጠነኛ ጭማሪው ይከፈል። ከየትም ይምጣ ቆሞ ይጫን። ተኝቶ ከመጣ የሞተሩ ዘይት ወደ ቱቦው ሊፈስ ስለሚችል ቆሞ እስከ 24 ሰዓት ሳይሰካ ይደር፤ ከጀርባውም ከግድግዳው 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራቅ።