የቁስ አካልን ሁነቶች በልኬት ላስተማሩ የሳይንስ አስጠኚ የቀረበ ምስጋና

ልጄን ሳይንስ የሚያስጠኗትን መምህር በይፋ ለማመስገንና አስጠኚ ለሚፈልጉ ወላጆች ለመጠቆም ይህን ጽሑፍ አቅርቤአለሁ። መምህሩ ስማቸው በአደባባይ እንዲነሣ ስላልፈለጉ አልጠቅሰውም፤ ሥራቸውን ግን በዝርዝር መናገር ይገባኛል።

ልጄ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ የሚባሉትን የቁስ አካል ሁነቶች ከነትርጓሜያቸው በቃሏ ትወጣቸው ነበር፤ እፍጋት መጠነ ቁስን ለይዘት በማካፈል እንደሚገኝም ታውቃለች። መምህሩ ያስተዋሉት ግን የሁለቱ ምዕራፎች ግንኙነት እንዳልታያት ነው። ስለዚህ የሻማ ሰም አቅልጠው ከዚያው ሰም አንድ ጠጣር ቁራጭ ጨመሩበት፤ ቁራጩ ሰመጠ። ቀጥለው በረዶ ውኃ ውስጥ ጨመሩ፤ በረዶው ተንሳፈፈ። ሁለቱም በገዛ ፈሳሻቸው ውስጥ ሳሉ ለምን እንደተለያዩ ጠየቋትና መልሱን ሳይነግሯት ሚዛንና መለኪያ ሲሊንደር አቀረቡላት።

አብዛኞቹ ቁሶች ከፈሳሽነት ወደ ጠጣርነት ሲለወጡ ቅንጣቶቻቸው ይበልጥ ስለሚቀራረቡ ይዘታቸው ይቀንሳል፤ እፍጋታቸውም ይጨምራል። የውኃ ሞለኪውሎች ግን በረዶ ሲሆኑ በሃይድሮጅን ትስስር ተያይዘው ክፍተት የበዛበት አደረጃጀት ስለሚይዙ ይዘቱ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል፤ በሴንቲ ሜትር ኩብ 1 ግራም ገደማ የነበረው እፍጋትም ወደ 0.92 ይወርዳል። እፍጋቱ ከፈሳሹ የሚበልጥ ጠጣር ይሰምጣል፤ የሚያንሰው ይንሳፈፋል። ልጄ ይህን ከራሷ ልኬት ተነሥታ ከደረሰችበት በኋላ፣ የንጹሕ አልኮል እፍጋት 0.79 ያህል መሆኑን ሲነግሯት በረዶ እዚያ ውስጥ እንደሚሰምጥ ሳታየው ተናገረች። ለእኔ ትልቁ ውጤት ይህ ነው፤ ያላየችውን ነገር በምክንያት አስቀድማ መናገር ችላለችና።

ስለ ሁነት ለውጥ ያስተማሩበት መንገድም ከዚህ አያንስም። የተፈጨ በረዶ እሳት ላይ ጥደው እያማሰሉ ቴርሞ ሜትሩን በየደቂቃው እንድታነብና ንባቡን በግራፍ እንድታሰፍር አደረጉ። እሳቱ ሳይጠፋ ንባቡ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ቆመ፤ ውኃው ሲፈላም እንደገና ቆመ። የገባው ሙቀት የት እንደሄደ ስትጠይቅ፣ መጠነ ሙቀቱን ከፍ ማድረጉ ቀርቶ የሞለኪውሎቹን ትስስር ለማላላትና ለመበጠስ እንደዋለ አስረዷት። 1 ኪሎ ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልጋል፤ ያንኑ ውኃ ከ0 እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ 420 ገደማ፣ ሙሉ በሙሉ ለማትነን ደግሞ ወደ 2,260 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። እንፋሎት በቆዳ ላይ ወደ ውኃነት ሲመለስ ይህን ሁሉ ኃይል ስለሚለቅ ከፈላ ውኃ ይልቅ ክፉኛ ያቃጥላል፤ መምህሩም ልጄን ከእንፋሎቱ አርቀው ያቆሟት በዚህ ምክንያት እንደሆነ ነግረዋታል።

ከሁሉ ይልቅ ያከበርኩላቸው ግን ለልኬት ያላቸውን ታማኝነት ነው። የመፍላት ንባቡ ከ100 ዲግሪ በታች ሲሆን ልጄ መጽሐፉ ላይ ያለውን ቁጥር ልትጽፍ ስትል፣ ያነበበችውን እንድትጽፍ አጥብቀው አዘዟት፤ የአየር ግፊት ሲቀንስ ውኃ ባነሰ መጠነ ሙቀት እንደሚፈላ የተማረችውም ከዚያ ልዩነት ነው።

አካሄዳቸው ዝግ ያለ ስለሆነ፣ በፈተና ዋዜማ መልስ ብቻ ለማስያዝ ለሚፈልግ ወላጅ እርሳቸውን አልጠቁምም። ልጁ ምክንያቱን እንዲረዳ ለሚፈልግና ጊዜ ለመስጠት ፈቃደኛ ለሆነ ወላጅ ግን ከልቤ እጠቁማቸዋለሁ፤ በተለይ ትርጓሜ ሸምድዶ የስሌት ጥያቄ ላይ ለሚቸገር ተማሪ እጅግ ይጠቅማሉ። ለጀመሩ ወላጆች አንድ ነገር ላሳስብ፦ የልኬት ደብተሩን እርሳቸው በጥንቃቄ ስለሚያርሙት፣ ልጁ በየጊዜው መያዙን ተከታተሉ።

መምህር፣ ስለ ትጋትዎና ስለ ትዕግሥትዎ ከነቤተሰቤ ከልብ አመሰግንዎታለሁ። ሊያገኟቸው የሚፈልጉ ወላጆች በውስጥ መስመር ቢጽፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።