ወይናችንን ላቆሙልን አትክልተኛ ምስጋና፣ ብርድ ላስቸገራችሁም ጥቆማ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው አንድ አትክልተኛ ለማመስገን ነው። ብርድ በሚበረታበት አካባቢ ወይን ተክላችሁ «አልያዝልኝ አለ» ለምትሉም ጥቆማ ይሁናችሁ። ሰውየው በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው፣ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣለሁ።

ከሁሉ በፊት የማመሰግናቸው አንድ ሥራ እምቢ ስላሉኝ ነው።

አጥራችን ላይ የነበረውን ወይን የሸጠልን ነጋዴ «ብርድ አይነካውም» ብሎ ነበር። በየዓመቱ ግን ብርዱ ሲያልፍ ላይኛው ግንድ ደርቆ እናገኘዋለን። ከሥሩ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፣ ሙቀቱ ሲገባ ቅጠሉ አጥሩን ያለብሰዋል፣ ፍሬ ግን የለም። ጋሼን የጠራናቸው እንዲገርዙት ነበር። መጡ፣ መቀሳቸውን ሳያወጡ ጎንበስ አሉ፣ ግንዱ ከመሬት የሚወጣበትን ቦታ አፈሩን በእጃቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። እዚያ እንደ ጉልበት ያበጠ ቋጠሮ አለ። አዲሶቹ ቀንበጦች በሙሉ የሚወጡት ከቋጠሮው በታች ነው።

«ይሄ የተጣበቀ ነው» አሉኝ። «የገዛሽው ወይን ሞቷል። አሁን የምታሳድጊው የሥሩን ነው። ብገርዘው ገንዘብሽን መብላት ነው የሚሆንብኝ።»

ነገሩን አስረዱኝ። የተጣበቀ ማለት የአንዱ ወይን ግንድ በሌላ ወይን ሥር ላይ ተቀጥሎ ያደገ ማለት ነው። ፊሎክሴራ የምትባል ሥር የምታጠቃ ትንሽ ነፍሳት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአሜሪካ ወደ አውሮፓ ገብታ የወይን እርሻውን አወደመችው። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ ወይን በብዛት የሚሸጠው እሷን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ ተጣብቆ ነው። ብርዱ በማይከፋበት አገር ይህ ጥሩ መላ ነው። ከባድ ብርድ ባለበት ግን ላይኛው ከሞተ ከታች የሚነሳው ሥሩ ነው። ሥሩ ደግሞ ለጥንካሬው እንጂ ለፍሬው የተመረጠ አይደለም። ስለዚህ ለእኛ ዓይነቱ ጓሮ ጋሼ የሚያስገዙት በራሱ ሥር የቆመ ችግኝ ብቻ ነው። ብርድ እስከ መሬት ቢያቃጥለው እንኳ ከሥሩ የሚነሳው ያው የገዛችሁት ወይን ነው። ችግኝ ስትገዙ ይህን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ሻጩ ካላወቀ ሌላ ቦታ ሂዱ።

ቀጥሎ የመጣው የዝርያ ምርጫ ነበር። የአውሮፓው ወይን ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 20 ዲግሪ ሲጠጋ ክፉኛ ይጎዳል። በሰሜን አሜሪካ ወንዝ ዳር በዱር የሚበቅለው፣ ቪቲስ ሪፓሪያ የሚባለው ግን ከዜሮ በታች 35 ዲግሪን ችሎ ያድራል። ዛሬ ብርድ ቻይ የሚባሉት ዝርያዎች ብዙዎቹ የዚህ የዱር ወይን ደም አለባቸው። ጋሼ ስለ ኤልመር ስዌንሰን ማውራት ከጀመሩ ሥራ ይቆማል። በዊስኮንሲን የከብት ወተት ገበሬ የነበረ ሰው ነው። በ1943 (እ.ኤ.አ.) በራሱ እርሻ ላይ ወይን ማዳቀል ጀመረ፣ ለጠየቀው ሁሉ ለተከላ የሚሆን ቁራጭ እንጨት ያድል ነበር። ኤደልዋይስና ስዌንሰን ሬድ የሚባሉት ዝርያዎች የእሱ ናቸው። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ፍሮንተናክን በ1996፣ ማርኬትን በ2006፣ ኢታስካን በ2017 አወጣ።

«ለመብላት ነው ለመጥመቅ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ፍሮንተናክ ብርድ በመቻል የታወቀ ነው፣ ግን ፍሬው ትንሽና ኮምጣጣ ስለሆነ ለጠመቃ እንጂ ለገበታ አይመረጥም። እኛ የፈለግነው ልጆች ቀጥፈው የሚበሉት ነበር። ኤደልዋይስንና ሶመርሴት ሲድለስ የሚባለውን፣ ፍሬው ውስጥ ዘር የለውም ሊባል የሚችለውን፣ መረጡልን። ብዙዎቹ እነዚህ ዝርያዎች በራሳቸው ስለሚያፈሩ አንድ ግንድም ይበቃል። ጥላ ስለፈለግን ነው ሁለት ያደረግነው።

ቦታውንም ቀየሩት። ጠዋት ማልደው መጥተው ውርጩ የት ጋ ቆይቶ እንደሚቀልጥ አዩ። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፣ ወደ ዝቅታው ይወርዳል፣ አጥር ካገኘ ደግሞ እዚያው ይተኛል። የድሮው ወይን የነበረው እዚያ ነው። አዲሶቹን ከፍ ወዳለው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ወደሚያገኘው ግድግዳ አጠገብ ወሰዷቸው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሳል።

ዳሱን ራሳቸው ነው ያቆሙት። ምሰሶዎቹ 60 ሴንቲሜትር ያህል ተቀብረዋል፣ ዋናው ሽቦ 1.8 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ በችግኞቹ መካከል ከ2 ሜትር በላይ አለ። ፍሬ የያዘ ወይን ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ የሚወዛወዝ ምሰሶ ላይ ማሳደግ ድካም ነው። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ ሳይሆን ሁለት ግንድ አስወጡ። ብርድ ግንድ ይሰነጥቃል፣ በስንጥቁም እጢ የሚያመጣ ባክቴሪያ ይገባል። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ሽቦው ላይ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የወጣውን ዘለላ ሁሉ ገና በአበባነቱ እየቆረጡ ጣሉት፣ ሥሩ ይጠንክር ብለው። ልጆቹ አኮረፏቸው። እኔም ዝም አልኩ እንጂ ሆዴ አልፈቀደም ነበር።

አሁን ወደ መግረዙ ልምጣ፣ የሰውየው እጅ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው።

ወይን የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ከበቀለ እንጨት ላይ በሚወጣ አዲስ ቀንበጥ ነው። ያረጀው እንጨት ተሸካሚ ነው፣ አያፈራም። ስለዚህ በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ዕድገት እስከ 90 በመቶው ይቆረጣል። ለማያውቅ ሰው ጭካኔ ይመስላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሲያይ «ምን አደረግናቸው?» አለኝ።

ጋሼ ግን ከመቁረጣቸው በፊት ይመረምራሉ። ከተለያየ ቦታ ጥቂት እንጨት ቆርጠው ቤት ውስጥ አንድ ቀን ያህል ያሳድሩታል። በሙቀት ሲቆይ የተጎዳው ክፍል ጠቁሮ ይታያል። ከዚያ እምቡጡን በምላጭ ከአናቱ ስስ አድርገው ይሸልቱታል። አንድ የሚመስለው የወይን እምቡጥ ውስጡ ሦስት ነው። መሃል ላይ ትልቁ፣ ጎንና ጎኑ ሁለት ትንንሽ። ደህና ከሆነ ሦስቱም አረንጓዴ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ብርድ ካገኘው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠቁረው መሃለኛው ነው፣ ብዙ ፍሬ የሚይዘውም እሱ ነው። ጎንዮሾቹ ቢያፈሩም ያንሳሉ። ጋሼ የሞተውንና ያልሞተውን ይቆጥራሉ። ግማሹ ከሞተ ወይኑን ሲገርዙ እጥፍ እምቡጥ ይተዋሉ። ሁሉም ደህና ከሆነ አጥብቀው ይቆርጣሉ። ሌላ አትክልተኛ ይህን ሲያደርግ አላየሁም። ቀጥታ መጥቶ ይቆርጥና ይሄዳል።

ሌላው ብልሃታቸው ማዘግየት ነው። አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ነገሩኝ፦ ብርድ የሚችለው ዝርያ ቶሎ ይነቃል። የዱር አባቱ አጭር የሙቀት ወቅት የለመደ ስለሆነ ትንሽ ሙቀት ሲያገኝ ይፈነዳል። ተኝቶ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪን የቻለው እንጨት፣ ቀንበጥ ካወጣ በኋላ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ይበቃዋል፣ ያልቃል። «ብርድ ቻይ» የሚለው ቃል ለተኛው እንጨት እንጂ ለአዲሱ ቅጠል አይሠራም። ስለዚህ ጋሼ በሁለት ዙር ነው የሚገርዙት። ብርዱ ሊወጣ ሲል ዋናውን ያጸዱና የሚፈለገውን እንጨት ረጅም አድርገው ይተውታል። ወይን ከጫፍ ነው የሚነቃው፣ ጫፉ ሲፈነዳ የታችኞቹ እምቡጦች ይዘገያሉ። ውርጩ ሲያልፍ ተመልሰው ይመጡና ጫፉን ይቆርጡታል። በዚህን ጊዜ ከቁርጡ ውሃ ይንጠባጠባል። አትደንግጡ፣ አይጎዳውም።

ጎረቤታችን በጥር እንዲገርዙለት ነዝንዟቸው ነበር። «ቆይ» ብለውት ሄዱ። ሌላ ሰው ጠርቶ አስገረዘ። በዚያው ዓመት ዘግይቶ የመጣው ውርጭ የእሱን ጠበሰው፣ የእኛ ገና ተኝቶ ነበር።

ማዳበሪያ ላይም ቆጣቢ ናቸው። ናይትሮጅን ከበዛ፣ በተለይ ዘግይቶ ከተሰጠ፣ ወይኑ እስከ መጨረሻው ቅጠል ሲያወጣ ይቆያል። ቀንበጡ ከአረንጓዴ ወደ ቡናማ ሳይለወጥ ብርዱ ይደርሳል። ቡናማ ያልሆነው በሙሉ ይሞታል። ከሙቀቱ ወቅት አጋማሽ በኋላ ማዳበሪያ ይዤ እንዳያዩኝ እጠነቀቃለሁ።

ጉድለታቸውንም ልንገራችሁ፣ አለዚያ ማስታወቂያ ይሆናል። ስልክ ቶሎ አያነሱም። ይቆጣሉ፤ ግንዱ ላይ የታሰረ የላስቲክ ገመድ ካዩ ሰላምታም የለ፣ መጀመሪያ ገመዱ ይፈታል። የገረዙትን ክምር ጥግ ላይ ሰብስበው ይሄዳሉ፣ ማንሳቱ የእናንተ ነው። ፀረ ሻጋታ መድኃኒት አይረጩም። ቅጠሉን አሳስተው አየር እንዲገባ ያደርጋሉ፣ እሱም ብዙ ይረዳል። ሻጋታ አንዴ ከገባ ግን ሌላ ባለሙያ መፈለግ ይኖርባችኋል።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ያፈራውን እነዚያው ያኮረፉት ልጆች ናቸው የጨረሱት። አንዷ ሳይበስል ቆርጣ መስኮት ላይ አስቀምጣ ስትጠብቅ ጋሼ አይተው ሳቁ። ወይን ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም። ዘለላው ሲቀላ ወይም ሲጠራ ብቻ አትዩ፣ ቅመሱ። ውሻ ያላችሁ ደግሞ የወደቀውን ፍሬ ልቀሙ፣ ለውሻ መርዝ ነው።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

ልትደውሉላቸው ያሰባችሁ እምቡጡ ማበጥ ሳይጀምር ደውሉ፣ ከዚያ በኋላ ወረፋ ይበዛባቸዋል። የሦስት ነገር ፎቶ አስቀድማችሁ ላኩ፦ ግንዱ ከመሬት የሚወጣበትን ቦታ፣ ወይኑ የተንጠላጠለበትን ነገር ከራቅ ብሎ፣ እና ያለፈው ዓመት እንጨት አንዱን በቅርበት። የዝርያውን ስም የምታውቁ ጻፉላቸው፤ ካላወቃችሁ የቅጠሉን ጀርባ ፎቶም ይፈልጋሉ።