«ቀጥሎ ምን ላንብብ?» ብሎ ለሚጨነቅ ሁሉ፦ የሲያትል የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት

አዲስ አበባ ሳድግ መጽሐፍ የምንከራየው ከአንድ የሰፈራችን አከራይ ነበር። ማስያዣ ሰጥተን እንወስዳለን፣ ስንመልስ በቀን ሒሳብ እንከፍላለን። ሰውዬው የእያንዳንዳችንን ፍላጎት አብጠርጥሮ ያውቃል። እኔን ሲያየኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት፣ ከመደርደሪያው አንዷን መዘዝ አድርጎ «ይቺን ውሰጂ፤ ካልወደድሻት ገንዘብሽን እመልሳለሁ» ይለኛል። ገንዘቤን የጠየቅኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

አሜሪካ መጥቼ ያጣሁት እንደሱ ያለ ሰው ነው። መጽሐፍማ ሞልቷል፤ የቱን ላንሳ ነው ጭንቁ። መጀመሪያ በኖርኩበት ከተማ አንድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ «ጥሩ ልቦለድ ምረጪልኝ» ብዬ የጠየቅኳት ሠራተኛ፣ እንግሊዝኛዬን ስትሰማ ጊዜ ወደ ሕፃናቱ ክፍል ይዛኝ ሄደች። ለመርዳት ብላ ይሆናል። እኔ ግን ወፋፍራም ልቦለድ ስጨርስ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ በጣም ከፋኝ፣ ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ቤተ መጻሕፍት የሚባል ደጃፍ አልረገጥኩም።

ሲያትል ከገባሁ በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ዩር ኔክስት ፋይቭ ቡክስ» ስለሚባለው አገልግሎት ነገረችኝ። ስሙ እንደሚለው ነው፣ ቀጥለሽ የምታነቢያቸው አምስት መጻሕፍት። በቤተ መጻሕፍቱ ድረ ገጽ ላይ ያለውን ቅጽ ትሞላላችሁ፤ ምን እንደወደዳችሁ፣ ለምን እንደወደዳችሁ፣ ምን እንደሚሰለቻችሁ ትጽፋላችሁ። አንብቦ መልስ የሚሰጠው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነው። ሰው ነው፣ ማሽን አይደለም። እኔ ረጅም የቤተሰብ ታሪክ እንደምወድ፣ ደም የበዛበት ነገር እንደማይሆንልኝ፣ ልጅ ሳለሁ ደግሞ በሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» የሚባል ፕሮግራም እየሰማሁ እንዳደግኩ ጻፍኩ። የመጨረሻውን ለምን እንደጨመርኩት አላውቅም፣ እጄ ነው የጻፈው።

መልሱ በኢሜይል መጣ። አምስት ርዕስ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ለምን እንደተመረጠልኝ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ አለ። አንዱ በድምፅ የተቀዳ ነበር። ምክንያቱ ላይ «በሬዲዮ ትረካ ስላደግሽ» የሚል አየሁ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። የማላውቀው ሰው የጻፍኩትን ልብ ብሎ አንብቦልኛል።

ከአምስቱ ሁለቱን በፍቅር ጨረስኳቸው። አንዱ ደህና ነው። ሁለቱን ግን አልገፋሁባቸውም፣ በዚህም ማፈር አያስፈልግም። እዚሁ ቤተ መጻሕፍት የሠራችው ናንሲ ፐርል የምትታወቅበት አንድ ሕግ አለ፦ ዕድሜያችሁ 50 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 50 ገጽ አንብቡ፣ ካልያዛችሁ ተዉት። ከ50 ካለፋችሁ ደግሞ ዕድሜያችሁን ከ100 ቀንሱ፣ የሚተርፈው ቁጥር መጽሐፉን የምትታገሱበት የገጽ ብዛት ነው። እናቴ 66 ዓመቷ ነው፣ ስለዚህ ድርሻዋ 34 ገጽ ብቻ። ይህን ስነግራት ደስ አላት፤ «የጀመሩትን መጨረስ ግዴታ ነው» ተብላ ያደገች ሰው ናት።

ይቺው ናንሲ ፐርል ናት በ1998 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከተማው በሙሉ አንድ መጽሐፍ አንብቦ አብሮ እንዲወያይ የሚያደርገውን ፕሮግራም ያስጀመረችው። አሁን «ሲያትል ሪድስ» ይባላል፣ ሐሳቡንም ብዙ ከተሞች ወስደውታል። በ2008 የተመረጠው ደግሞ የዲናው መንግሥቱ የመጀመሪያ ልቦለድ ነበር፣ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ስላለው ኢትዮጵያዊ ስደተኛ የሚተርከው። እስቲ አስቡት፣ የኛ ሰው ሱቅ ውስጥ የሚውለው ውሎና የሚናፍቀው ናፍቆት የአንድ ትልቅ ከተማ መነጋገሪያ ሲሆን! እኔ ያኔ እዚህ አልነበርኩም፣ ስሰማው ግን ኮራሁ።

ለአዋቂዎች ከሚሰጡት ሌሎች ነገሮች እኛ ቤት ውስጥ የሠራው «ቶክ ታይም» ነው። እንግሊዝኛ የሚለማመዱ አዋቂዎች ክብ ሠርተው የሚጨዋወቱበት ሰዓት ነው፣ በነፃ። ፈተና የለም፣ ውጤት የለም። እማዬ መጀመሪያ «በዚህ ዕድሜዬ ምን ብዬ ላወራ» ብላ እምቢ አለች። ለምኜ ወሰድኳት። ስትመለስ አንዲት የቬትናም እናትና እሷ ስለ ቡና አፈላል ሲያወሩ እንደዋሉ ነገረችኝ፣ በየትኛው ቃል እንደተግባቡ ግን እግዜር ይወቀው። አሁን ቀኑ ሲደርስ ነጠላዋን አጣፍታ ቀድማኝ በር ላይ ትቆማለች። ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁም ትምህርት አላቸው፤ የቅርንጫፉን የፕሮግራም ሰሌዳ ማየት ነው።

የት ልሂድ ካላችሁ፣ መሀል ከተማ ያለው ዋናው ሕንፃ 11 ፎቅ ነው፣ በ2004 የተከፈተ፣ መስታወትና ብረት ብቻ፣ ለማየትም ደስ ይላል። እኔ የምወደው ግን 23ኛው ጎዳናና «የስለር» የሚባለው ጎዳና የሚገናኙበት ላይ ያለውን ዳግላስ ትሩዝ ቅርንጫፍ ነው። ስሙን ያገኘው ከባርነት ወጥተው ባርነትን ከታገሉት ከፍሬድሪክ ዳግላስና ከሶጆርነር ትሩዝ ነው፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ያለው ስብስብም ሰፊ ነው። ከዚያ ወጥቼ ቼሪ መንገድ ላይ እንጀራዬን ገዝቼ ቤቴ እገባለሁ።

ገንዘብ የሚያስፈራው ሰው ካለ፣ ካርዱ በከተማው ለሚኖር፣ ለሚሠራ ወይም ለሚማር ሰው ነፃ ነው። ለዘገየ መጽሐፍ ይከፈል የነበረው ቅጣትም ከጥር 2020 ጀምሮ ቀርቷል። መጽሐፍ ከጠፋ ግን ያስከፍላል። «ፒክ ፒክስ» ከሚባለው አዲስና ተፈላጊ መጽሐፍ ከሚደረደርበት ክፍል ከወሰዳችሁ ደግሞ ጊዜው ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፣ አይታደስም። ወፍራም ከሆነ ከዚያ አታንሱ፣ በተለይ ሁለት ሥራ የምትሠሩ።

ቅጹን ስትሞሉ ታዲያ አንድ ነገር አደራ። «ልቦለድ እወዳለሁ» ብላችሁ አትተዉት። በአማርኛ ያነበባችሁትንም ጻፉ፣ ታሪኩን በሁለት መስመር ንገሯቸው፣ እንግሊዝኛው ቢሰባበርም ችግር የለውም፣ የኔም ተሰባብሮ ነው የሄደው። እማዬ የራሷን ቅጽ እንድሞላላት ትናንት ማታ ጠይቃኛለች። የምትለውን እየጻፍኩላት ነው፤ እስካሁን የነገረችኝ ስለ አያቷ ተረቶች ብቻ ነው፣ እሱንም ጽፌዋለሁ።