የጋሬት ኤቲ ፕሮ የድምፅ ስልቶች፦ ከ9 ወር አጠቃቀም በኋላ

ጋሬት ኤቲ ፕሮ የተባለውን ሜታል ዲቴክተር (የተቀበረ ብረታ ብረት በድምፅ የሚጠቁም መሣሪያ) ከገዛሁ 9 ወር ሆኖኛል። በእነዚህ ወራት በሰሜን ቨርጂኒያ ባለቤቶቻቸው በፈቀዱልኝ አሮጌ ግቢዎችና በሜሪላንድ የኦሽን ሲቲ ባሕር ዳርቻ ሠርቼበታለሁ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ክልል በዚህ መሣሪያ መፈለግ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ወደዚያ አልሄድም። ስለ ክብደቱና ስለ ባትሪው ሌሎች ጽፈዋል፤ እኔ የምጽፈው ስለ ድምፁ ነው፤ ቀድሜ ተረድቼው ቢሆን ኖሮ ብዙ ድካም ይቀርልኝ ነበርና።

መሣሪያው ስታንዳርድና ፕሮ የሚባሉ ሁለት ዓይነት የድምፅ ስልቶች አሉት። በስታንዳርድ ስልት፣ ኮይሉ (መሬቱን የሚያስሰው የመሣሪያው ጫፍ ክብ ክፍል) አንድን ነገር ካገኘ ድምፁን በሙሉ ኃይሉ ያሰማል፤ ሳንቲሙ ከሣሩ ሥር በሁለት ጣት ጥልቀት ላይ ቢሆን ወይም አንድ ስንዝር ዘልቆ ቢቀበር ለጆሮ ልዩነት የለውም። በፕሮ ስልት ግን የድምፁ ጉልበት የምልክቱን ጥንካሬ ስለሚከተል፣ ቅርብ ያለው ይጮኻል፤ ጥልቅ ወይም ትንሽ የሆነው ያንሾካሹካል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያሳለፍኩት ግልጽ መስሎ በታየኝ በስታንዳርድ ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ሁለት ጊዜ በፈተሽኩት አንድ አሮጌ ግቢ፣ ማዳመጫ አድርጌ በፕሮ ስዘዋወር፣ ቀጭን ሆኖም እንደ ደወል የጠራ ድምፅ ሰማሁ፤ ኮይሉን ከየትኛውም አቅጣጫ ባሳልፈው አልጠፋም። ስንዝር ያህል ስቆፍር በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተመታ ኳርተር፣ ማለትም የአሜሪካ የ25 ሳንቲም ገንዘብ፣ ወጣ። እስከ 1964 (እ.ኤ.አ.) ድረስ የተሠሩት ኳርተሮች 90 በመቶ ብር በመሆናቸው ደስታዬ ትልቅ ነበር። ቀድሞ ያመለጠኝ በድምፁ ስልት ይሁን ኮይሉን አራርቄ በማወዛወዜ በእርግጠኝነት መለየት አልችልም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ደካማ ድምፅ ንቄ አላልፍም።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ቆርኪ ነው። የመሣሪያው ማጣሪያ እንደ ሚስማር ያለውን ብረት ዝም ሲያሰኝ፣ የጠርሙስ ቆርኪ የሚሰጠው ወፍራም ድምፅ ይታፈንና ከፍተኛው ብቻ ስለሚሰማ ሳንቲም ይመስላል። የታፈነውን የብረት ድምፅ መልሶ የሚያሰማው አማራጭ ሲበራ ግን፣ ከከፍተኛው ድምፅ ጎን የብረቱ ማጉረምረም አብሮ ስለሚሰማ ማንነቱ ይጋለጣል። ሚስማር በሞላበት ግቢ ይህንን ሁልጊዜ ከፍቶ መሥራት ጆሮን ያደክማል፤ ስለዚህ ጥሩ ድምፅ ሲያጋጥመኝ ለማጣራት ብቻ አበራዋለሁ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ጥቅሙም ይኸው ነው።

በጨው ውኃ በረጠበ አሸዋ ላይ፣ እንደ ማንኛውም በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ መሣሪያ፣ ይህ የ15 ኪሎኸርዝ መሣሪያም ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ የመሬት ሚዛኑን (መሣሪያው የመሬቱን የራሱን ምልክት ችላ እንዲል የሚያደርገውን ማስተካከያ) እንደገና ማስተካከልና ምልክት የመቀበል ንቃቱን መቀነስ የግድ ነው። በደረቁ አሸዋ ላይ ያን ያህል አላስቸገረኝም።

የትኛውም የድምፅ ስልት የማይፈታው አንድ ነገር አለ። የአምስት ሳንቲም ኒክልና ከመጠጥ ቆርቆሮ ላይ የሚነቀለው የአሉሚኒየም መክፈቻ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅማቸው ስለሚቀራረብ፣ ሁለቱም የመሣሪያው ስክሪን በሚያሳየው የመለያ ቁጥር በ50ዎቹ አካባቢ በተመሳሳይ መካከለኛ ድምፅ ይመጣሉ። ከአሥር ጊዜ አብዛኛውን መክፈቻ ነው የማወጣው። ቢሆንም ድምፁ ሳይቆራረጥ ከተደጋገመ እቆፍራለሁ፤ የወርቅ ቀለበትም እዚያው አካባቢ ሊሰማ ይችላልና።