የኋላ ፓራውልት፦ ይጠንከር፣ ይሠራ ወይስ ይገዛ?

ከእነዋሪ አፋፍ ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርድ አንድ የገጠር መንገድ ላይ ጎርፍ የቆረጠው ቦይ አለ። የፊት ጎማዎች ያለችግር ይሻገሩታል፤ የኋላዎቹ ሊወጡ ሲሉ ግን መኪናው ቁጢጥ ይልና የፓራውልቱ (የኋላ መከላከያ ብረቱ) ጥግ ድንጋዩ ላይ ያርፋል። የሃርድቶፕ ላንድክሩዘሬ ፓራውልት ቀኝ ጥግ የተጣጠፈው እዚያ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ፓራውልት አሠርቼ ተጸጽቻለሁ፣ የቀድሞውን አጠንክሬ እስካሁን እየነዳሁበት ነው፤ ከውጭ የመጣውን ደግሞ በወዳጄ ላንድክሩዘር ሥር ተኝቼ ቡሎን በቡሎን አይቼዋለሁ።

በጸጸቱ ልጀምር። በያጁ ወጣት ነው፣ እጁም መጥፎ አልነበረም። «ጋሼ፣ መኪናው ያልቃል እንጂ ይህ አይሰበርም» አለኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ወፍራም ቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) ቆርጦ፣ ባለ 4 ሚሊሜትር ላሜራ አልብሶ፣ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም) ላይ በቀጥታ በየደው። ሁለት ክረምት አለፈ። አንድ ቀን ጭቃውን ሳጥብ ብየዳው ከሻንሲው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ፀጉር የመሰለ መስመር አየሁ። በጨርቅ ጠረግሁት፤ አልጠፋም። ስንጥቅ ነበር። የልጁ ቃል እውነት ሆነ፦ ፓራውልቱ አልተሰበረም፣ መኪናው ግን ማለቅ ጀመረ።

ነገሩ ቀላል ነው። ድንጋይ ሲመታችሁ የሆነ ነገር መታጠፍ አለበት። ፓራውልቱ እምቢ ካለ ግፊቱ ወደ ሻንሲው ይሄዳል፤ የብየዳ ሙቀት ያለፈበት የሻንሲ ጠርዝ ደግሞ ስንጥቅ ለመጀመር ምቹ ቦታ ነው። ስለዚህ ሦስቱን አማራጮች ሳወዳድር አስቀድሜ የምጠይቀው ስለ ብረቱ ውፍረት አይደለም። በምን ታሰረ? እላለሁ። በፋብሪካው ቀዳዳዎች በቡሎን የታሰረ ይፈታል፣ ይቃናል፣ ይለወጣል። የተበየደ አብሮ ይኖራል፣ አብሮ ይሞታል።

ሁለተኛው ክብደት ነው፤ እዚህ ላይ በአገር ውስጥ የሚሠራው ብዙ ጊዜ ይሸነፋል። ባለ 4 ሚሊሜትር ላሜራ አንድ ካሬ ሜትሩ ብቻ 31 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በያጆቻችን «ይጠንክር» ሲባሉ ማጠንከር ማለት መጨመር ይመስላቸዋል። በሃርድቶፕ የፊትና የኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 2.98 ሜትር ነው። ከኋላው አክስል 1.1 ሜትር ወደ ኋላ 80 ኪሎ ብትሰቅሉ የኋላ ጎማዎች የሚሸከሙት 80 ሳይሆን 110 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ 30 ኪሎው ከፊት ጎማዎች ተነሥቶ የሚመጣ ነው። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ዳገቱን ስትወጡ መሪው እጃችሁ ላይ ቅልል ካላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራውም ይጎብጣል፤ መኪናው ከኋላ ሲወርድ ደግሞ ያ የሸሻችሁት ድንጋይ ይበልጥ ይቀርባል። ገንዘብ ከፍሎ ድንጋይ መጥራት ማለት ነው።

ከውጭ የሚመጡት፣ ለምሳሌ የአውስትራሊያዎቹ ኤአርቢና ካይማር፣ በዚህ ረገድ ታስቦባቸዋል። ለእያንዳንዱ ሞዴል ለብቻው ስለሚሠሩ የሻንሲውን ቀዳዳዎች ጠብቀው ይገጥማሉ፣ ጥጋቸው ወደ ላይ የተቆረጠ ነው፣ የመብራትና የታርጋ ቦታም አላቸው። ይሁን እንጂ እነሱም ብረት ናቸው፤ ስኮርታ (ትርፍ ጎማ) መስቀያ ሲጨመርባቸው ክብደታቸው አይናቅም። ስታዝዙ የሞዴሉን ቁጥር አጣሩ፤ ለላንድክሩዘር 76 የተሠራው 78 ላይ፣ ለ78 የተሠራውም 79 ፒክአፕ ላይ አይሄድም። ዋጋው በውጭ ምንዛሪ የሚተመን ነው፤ የብር ዋጋ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተተወ ወዲህ ደግሞ ለብዙዎቻችን የሚታሰብ አልሆነም። አንድ ጥግ ቢጎዳ መለዋወጫውን ደብረ ብርሃን ላይ አታገኙም፤ ዞሮ ዞሮ ወደዚያው በያጅ ነው።

አሁን ወደ ዋልካው። በክረምት ከደነባ ወጣ ብሎ የተቀረቀረ መኪና ያወጣ ሰው ይህን ክፍል አይዘለውም። ጥቁሩ ጭቃ ጎማውን እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ትራክተር ወይም አይሱዙ በካቮ ሲጎትት ኃይሉ ሁሉ ፓራውልቱ ላይ ባለችው አንዲት ቀለበት ላይ ያርፋል። ቀለበቷ ላሜራው ላይ ብቻ የተበየደች ከሆነች ተነቅላ እንደ ጥይት ትበራለች። የተጎታች መሳቢያ ኳስም ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ኳሱ ተሰብሮ በመወርወሩ በተለያዩ አገሮች ሰው ሞቷል። መጎተቻው ሁለቱን የሻንሲ ጫፎች በሚያገናኝ ወፍራም ብረት ላይ ይሁን፣ ቡሎኖቹም ጭንቅላታቸው ላይ ጥንካሬያቸውን የሚናገር 8.8 ወይም 10.9 የሚል ማህተም ያለባቸው ይሁኑ። ቁጥር የሌለው ቡሎን ርካሽ ነው፤ ለወንበር ይበቃል።

ማጠንከር የምለው ታዲያ ይህን ነው፦ የቀድሞውን ፓራውልት ፈትቶ በእያንዳንዱ የሻንሲ ጫፍ የውስጥ ጎን 6 ሚሊሜትር ላሜራ በነባሮቹ ቀዳዳዎች ማሰር፣ ሁለቱን በአንድ ቱቦላሬ ማገናኘት፣ መጎተቻውን እዚያ ላይ ማድረግ፣ ከዚያ የቀድሞውን መመለስ። ጥጎቹን ደግሞ ከማወፈር ይልቅ ከሥር ወደ ላይ አስቆርጡ። እኔ አንድ ስንዝር የማይሞላ አስቆርጬ ያንን ቦይ አሁን ሳልነካው አልፋለሁ። ከባድ ዕቃ ሳይጨምር፣ በአንድ ቀን፣ በጥቂት ወጪ የሚያልቅ ሥራ ነው። የሚያጣው ነገር አንድ ነው፦ ሁለተኛ ስኮርታ አይሰቀልበትም።

ሃይሉክስ ይዛችሁ ከሸዋ ሮቢት ሽንኩርት የምትጭኑ ከሆነ ማጠንከሩ ከበቂ በላይ ነው። ፕራዶም ያላችሁ እንዲሁ፤ ከውጭ የሚታየው ፕላስቲክ ስለሆነ ብቻ አትደንግጡ፣ ከኋላው ብረት አለ። እንግዳ ይዛችሁ ወደ ጓሳ ወይም ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የምትመላለሱ፣ ሁለት ትርፍ ጎማ የግድ የሚላችሁ ሰዎች ግን አዲስ ያስፈልጋችኋል። ገንዘቡ ካለ የውጭው፤ ከሌለ የአገር ውስጡ፣ ነገር ግን ባለ 3 ሚሊሜትር ብረት፣ በቡሎን የሚታሰር፣ ስኮርታ መስቀያው በማጠፊያ ተከፍቶ በሁለት ቦታ የሚቆለፍ ይሁን። መቆለፊያው አንድ ብቻ ከሆነ በኮረኮንች ላይ ሲንኳኳ ይውላል፤ ድምፁን ችላችሁ ብትነዱም ማጠፊያው አይችለውም።

ለበያጁ አስቀድማችሁ የምትነግሩት ጥቂት ነገር አለ። ባትሪው ይፈታ፤ አዲሶቹ መኪናዎች ውስጥ ያለው ኮምፒውተር በብየዳ ሊቃጠል ይችላል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ አይጠቀም፤ ጭሱ እሱን ያሳምመዋል፣ ብየዳውንም ያበላሻል። ቱቦላሬው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ አለዚያ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ከውስጥ ይበላዋል። መብራቱ ፓራውልት ላይ የነበረ መኪና ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ማታ ከኋላ ቆማችሁ እዩት፤ ጣርማበር ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ከኋላችሁ ያለው የጭነት መኪና የሚያየው እሱን ብቻ ነው።

ቀሪ ክፍያውንም ቶሎ አትስጡ። የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፉ፣ ክሪኩን ከፓራውልቱ ሥር አድርጋችሁ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት እስኪለቁ ከፍ አድርጉት፣ ማንም ሥሩ እንዳይገባ። አሥር ደቂቃ ይቆይ። አውርዱትና በፓራውልቱና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም በኩል እንደ ቀድሞው መሆኑን በሜትር ለኩ። በአንድ በኩል ከሰፋ ቡሎኖቹን ያጥብቅና እንደገና ይነሣ።