ወንድም ጋሼን የሚመዝኑበት ጤና ጣቢያ

ወንድም ጋሼ ስኪዞፍሬኒያ፣ ማለትም የሌለ ድምፅ የሚያሰማ ከባድ የአእምሮ ሕመም፣ ከታወቀለት 14 ዓመት ሆነው። ሕክምና የማመላልሰው እኔ ነኝ። በእነዚህ ዓመታት ሁለት ቦታ ታክሟል። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ነበርን፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ ነን። ዛሬ የምጽፈው ስለ ጤና ጣቢያው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። ስሙን አልጠራም፤ ወንድም ጋሼ እዚያ ግቢ የሚታወቅ ሰው ነው። ልጽፍ እንደሆነ ነግሬው "ጻፊው" ብሎኛል።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከክትባት ክፍሉ ቀጥሎ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ በሩ ሥር የሰው ሚዛን። እኔን ያስደነቀችኝ ሚዛኗ ናት።

የመጀመሪያው ቀን ሲስተሯ ካርዱን ተቀብላ "ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁና እዚህ ይቁሙልኝ" አለችው። ዞሮ እኔን አየኝ። 11 ዓመት ሲታከም አንድም ቀን ተመዘን ተብሎ አያውቅም። 49 ኪሎ ሆነ። ቁመቱ ደግሞ 1 ሜትር ከ76 ነው። ልብሱ እየሰፋው መሄዱን አይቻለሁ፤ ቁጥሩን ስሰማ ግን ጉልበቴ ከዳኝ። ከዚያ ግፊቱን ለካችው። "ሳል አለብዎት? ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?" አለችው። የጠየቀችው እሱን ነው፣ እኔን አይደለም። ይህ ለሰሚው ትንሽ ነገር ይመስላል። ከታማሚ ጋር ተመላልሶ የሚያውቅ ግን ይገባዋል። ሌላ ቦታ ፊቱ ተቀምጦ እያለ "ይተኛል? ይበላል? መድኃኒቱን ይወስዳል?" የምባለው እኔ ነበርኩ።

ሳሉ ሁለት ወር አልፎት ነበር። በፊተኛው ቦታ ተናግሬያለሁ። "ያጨሳል አይደል? የሲጋራው ነው" ተባልኩ፤ መድኃኒቱ ተጻፈልን፤ ወጣን። እዚያ ያሉትን ሰዎች ልወቅስ አይደለም የምጽፈው። ድምፆቹን ያረገቡለት እነሱ ናቸው፤ ከበሩ ውጭ ደግሞ የሚጠብቀው ሕዝብ ብዙ ነው። ግን ወንድም ጋሼን ከአንገቱ በላይ ብቻ ነበር የሚያዩት። ሲስተሯ "ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ከሆነ አክታው መታየት አለበት" ብላ ያኔውኑ ላቦራቶሪ ላከችን። ቲቢ ተገኘበት።

እኛ ቤት ስንፈራ የኖርነው ሌላ ሌላውን ነበር። መኪና እንዳይገጨው፣ ማታ ወጥቶ እንዳይቀር፣ ራሱን እንዳይጎዳ። እማዬ ቢላዋ እየደበቀች ስንት ዓመት ኖራለች። ሳል ግን ማናችንም አልፈራንም።

ያን ሰሞን እንቅልፍ አጣሁና ስለ ስኪዞፍሬኒያ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ያዝኩ። ቡታጅራ ላይ የተሠራውን ጥናት ያገኘሁት ያኔ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ተመራማሪዎች 68,378 ሰው ቤት ለቤት እየዞሩ ጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ከየቤታቸው ለዩ። እንግዲህ እነዚህ እንደ ወንድም ጋሼ ከቤተሰብ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን 307 ሰዎች አምስት ዓመት ተከታተሏቸው፤ 38ቱ ሞቱ። በአማካይ ሲሞቱ 35 ዓመታቸው ነበር። 18ቱን የገደላቸው ኢንፌክሽን ነው። አምስቱ በከባድ የምግብ እጥረት፣ አራቱ ራሳቸውን በማጥፋት ነው የሞቱት። መድኃኒቱን ከክትትሉ ግማሽ ለሚያንስ ጊዜ የወሰዱት ላይ ደግሞ ሞቱ ይበረታ ነበር።

35 ዓመት። ወንድም ጋሼ ያኔ 37 ዓመቱ ነበር።

እዚያው ቡታጅራ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች 10 ዓመት ሲከታተሉም 121 ሰው ሞቷል። ግማሽ ያህሉን የገደለው አሁንም ኢንፌክሽን ነው። ሰዎቹ መኖር ከሚገባቸው ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው ነው ያለፉት። ይህንን ካነበብኩ በኋላ ያችን ሚዛን የማያት በሌላ ዓይን ነው።

የቲቢ መድኃኒቱ ስድስት ወር ነው፤ በነፃ ነው። ከጀመረ ጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ድምፆቹ ተመለሱበት። ማታ ከግድግዳ ጋር ማውራት ጀመረ። መድኃኒቱን ጥሎት ነው ብዬ ተቆጣሁት። አልጣለም ነበር። ሲስተሯ የነገረችኝን አልረሳውም። ሪፋምፒሲን የሚባለው የቲቢ መድኃኒት፣ ለድምፆቹ የሚወስደውን ሃሎፔሪዶልን ሰውነት ውስጥ ቶሎ እንዲጠፋ ያደርገዋል፤ ስለዚህ የሚወስደው መጠን ሳይቀንስ መድኃኒቱ ያንሰዋል። ሐኪሙን አማክራ መጠኑ ተስተካከለለት። ቲቢው ሲያልቅም መልሰው ዝቅ አደረጉለት። የሳንባውን የሚያክመው ክፍልና የአእምሮው ክፍል አንድ ግቢ ውስጥ፣ ሃያ እርምጃ ተራርቀው መሆናቸው ጠቀመን። ሁለት ቦታ ቢሆን ኖሮ ማን ያገናኘው ነበር? ይቅርታ እንድጠይቀውም የነገረችኝ ሲስተሯ ናት። ጠየቅሁት።

ጉድለት አለው። ሲስተሯ አንድ ናት። ሥልጠና ስትሄድ ክፍሉ ይዘጋል፤ ቀጠሮ የነበረው ሰው ሁሉ በር ላይ ነው የሚያውቀው። አንዲት እናት ከሩቅ መጥተው በሩ ተቆልፎ ሲያገኙት እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ሲሉ አይቻለሁ። ቢያንስ ስልክ ሊደወልላቸው ይገባ ነበር። መድኃኒትም ይጠፋል። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ "አልገባም" ተብለን ከውጭ ፋርማሲ ገዛን፤ በጤና መድን ካርዳችን የምናገኘውን በጥሬ ገንዘብ። ያልቻለ ሰው እስኪገባ ድረስ ሳይወስድ ይቆያል፤ ይህ ስንት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ቡታጅራ ላይ አይተነዋል። በሩም ቢሆን ምክክር መሃል ይከፈታል። ወንድም ጋሼ ስለ ድምፆቹ እየተናገረ ሰው ካርድ ይዞ ሲገባ ዝም ይላል፤ ከዚያ አይቀጥልም።

ለመሄድ ለምታስቡ፦ ጠዋት ከሁለት ሰዓት በፊት ድረሱ። ከአራት ሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ ላቦራቶሪው ውጤቱን ለነገ ይለዋል። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዛችሁ ሂዱ። ጸበል የምትወስዱትም ደብቃችሁ አትሂዱ። እኛ ነግረናል፤ ሲስተሯ አልተቆጣችም፤ "ጸበሉንም መድኃኒቱንም ይዛችሁ ቀጥሉ" ብቻ ነው ያለችው። ኦላንዛፒን የሚባለውን ሌላ የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ካላችሁ ደግሞ ስኳሩንና ክብደቱን አስለኩ፤ እሱ ያወፍራል፣ ስኳርም ከፍ ያደርጋል። የትም ብትታከሙ፣ ባይመዝኗችሁም "መዝኑልኝ" በሉ። እኔ 11 ዓመት አላልኩም።

ሲጋራውን አልተወም። ሲስተሯ በየቀጠሮው ስንት እንደደረሰ ትጠይቀዋለች፤ ከሃያ ወደ ስምንት ወርዷል። ቁጥሩን የሚነግራት ራሱ ነው። ባለፈው ሐሙስ ሄደን ነበር። ገና ካርዱ ሳይወጣ ጫማውን አውልቆ ሚዛኑ ላይ ቆሞ ጠበቃት። 63 ኪሎ።